የወደቀውን ፓርቲሽን ትተን ጎረቤቶቹን ስንጠይቅ

ስልኬ የጮኸው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ40 ገደማ ነበር። የደወለው የሌሊት ፈረቃ ተረኛው ነው። አንዱን ሰርቨር ራሳቸውን እንደቻሉ ማሽኖች ከፋፍለን እንሠራበታለን፤ እያንዳንዱን ክፍል ፓርቲሽን እንለዋለን።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ከእንቅልፍዎ ቀሰቀስኩዎት። ዋናው ፓርቲሽን ወድቋል። በኔትወርክ «አለህ ወይ» ብዬ ፒንግ ሳደርገው ይመልሳል፤ ልግባ ስል ግን የይለፍ ቃል እንኳን አይጠይቀኝም።»

«ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹ ሁሉም ደህና ናቸው።»

«እንግዲያው አጥፍተህ አስነሣው» አልኩት። ፓርቲሽኖቹን ከምናስተዳድርበት ኮንሶል፣ ከኤችኤምሲው ላይ፣ ወዲያውኑ አጥፍቶ አስነሣው፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዳታቤዙ ተከፈተ፤ እኔም ተመልሼ ተኛሁ። ቀኑ ቅዳሜ መስከረም 27 ቀን 2010 ዓ.ም. ነበር። «አስነሣው» ያልኩባት ቃል ስድስት ሳምንት ሙሉ አንከራተተችን።

ይህን የምጽፈው በአንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ፓርቲሽን ጭነው የሚያስተዳድሩ ባለሙያዎች እኛ ያባከንነውን ጊዜ እንዳያባክኑ ነው። ነገሩ ከተገለጠ በኋላ ቀላል ይመስላል። እስኪገለጥ ድረስ ግን ሁለት ጊዜ ለአለቆቼ «ምክንያቱ አልታወቀም» ብዬ ሪፖርት ጽፌያለሁ፤ ለአንድ የሲስተም አስተዳዳሪ ከዚህ የከበደ ዐረፍተ ነገር የለም።

መጀመሪያ ስለ ማሽኑ ልናገር። ፓወር 7 ፕሮሰሰር ያለው ሰርቨር ነው፤ የተጫነበት ኤአይኤክስ የተባለው የዩኒክስ ዓይነት ነው። አንዱ ብረት ለአምስት ፓርቲሽን ተከፍሏል። ሁለቱ ቪዮስ የምንላቸው ናቸው። ቪዮስ ከፓወር 5 ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 የመጣ አሠራር ሲሆን ሥራው የፋይበርና የኔትወርክ ካርዶቹን በእጁ ይዞ ለሌሎቹ ፓርቲሽኖች ዲስክና ኔትወርክ ማደል ነው። የቀሩት ሦስቱ ዋናው ዳታቤዝ፣ የሪፖርቱ እና የሙከራው ናቸው። ሦስቱም የራሳቸው የሆነ አንድም ዲስክ የላቸውም። እያንዳንዱ ዲስክ በሁለት መንገድ ይደርሳቸዋል፤ አንዱ በቪዮስ አንድ፣ ሌላው በቪዮስ ሁለት በኩል። ከእያንዳንዱ ቪዮስ ደግሞ አንድ የፋይበር ኬብል ዲስኮቹ ወዳሉበት ወደ ስቶሬጁ ስዊች ይሄዳል። አንዱ ቪዮስ ቢጠፋ፣ አንዱ ኬብል ቢበጠስ፣ ሌላው ይሸከማል ተብሎ የተሠራ ነው። እኛም ለዓመታት በዚህ ተማምነን ተኝተናል።

ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ የከፈትኩት የዋናውን ፓርቲሽን የስህተት መዝገብ ነበር። ይህን መዝገብ የሚያሳየውን ኤርፒቲ የተባለውን ትእዛዝ የምታውቁ እንደምታስታውሱት፣ ሰው ሲስተሙን በወጉ ሲዘጋው «በተጠቃሚ ተዘግቷል» የሚል መስመር ይጻፋል። የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነሉ ራሱ ሲፈርስ ደግሞ የማስታወሻው (የሜሞሪው) ይዘት ወደ ዲስክ መገልበጡን፣ ማለትም ደምፕ መወሰዱን የሚናገር መስመር ይቀራል። እኔ ከሁለቱ አንዱንም አላገኘሁም። የቅዳሜ ቀትር አንድ ተራ መልእክት አለ፤ ቀጥሎ በዚያው ሌሊት «የስህተት ምዝገባ ተጀመረ» የሚል አለ፤ በመካከላቸው ምንም የለም። የዳታቤዙም መዝገብ ሳያማርር በሥራው መሐል ድንገት ይቋረጣል። የዩፒኤሱ መዝገብ ንጹሕ ነው፤ መብራት አልጠፋም፤ ጄኔሬተሩ አልተነሣም። በኤችኤምሲው ላይ የሃርድዌር ብልሽት አልተመዘገበም። ኤንሞን የተባለው የመለኪያ ፕሮግራም በየአምስት ደቂቃው ሲሰበስብ ከነበረው መረጃ ውስጥም የማስታወሻ እጥረት የሚመስል ነገር አልታየም።

ኤልኤስፓዝ በሚለው ትእዛዝ የዲስኮቹን መንገዶች አይቻለሁ። ሁለቱም «ኢኔብልድ» ይላሉ፤ ጤነኞች ናቸው ብዬ አለፍኩ። የቪዮስ ሁለትንም መዝገብ ገልጬ ነበር። ስለ ፋይበር መስመሩ አንድ ስህተት ተመዝግቧል፤ ሰዓቱ ግን የቅዳሜ ምሽት 2፡26 ነው፤ ማለትም ፓርቲሽኑ ከመውደቁ ስድስት ሰዓት በፊት። በዚያ ምሽት ሁሉም ነገር ደህና ሲሠራ እንደነበር አውቃለሁና እሱንም አለፍኩት። ለጉዳዩ ቁልፍ የነበሩትን ሁለት ነገሮች በአንድ ጠዋት በዓይኔ አይቼ ሁለቱንም ትቻቸዋለሁ። ለምን እንደተውኳቸው ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ ከሁሉም በላይ ልነግራችሁ የምፈልገው እሱን ነውና።

በጣም ያሳሳተን የጎረቤቶቹ ደህንነት ነው። የሪፖርቱም የሙከራውም ፓርቲሽን በዚያው ብረት ላይ፣ በእነዚያው ሁለት ቪዮሶች በኩል፣ ከዚያው ስቶሬጅ እየተመገቡ አንዲት ደቂቃ እንኳን አልተቋረጡም። ስለዚህ ሁላችንም «ብረቱ ደህና ነው፤ በሽታው ዋናው ፓርቲሽን ውስጥ ነው» አልን። የዳታቤዝ ባልደረቦቼ የማስታወሻ መለኪያዎቻቸውን ሲቀይሩ ከረሙ። እኔም የኤአይኤክሱን የማስታወሻ አያያዝ ስፈትሽ ሁለት ሳምንት አለፈ።

ከዚያ የጥገና ውል የገባንበት ድርጅት ባለሙያዎች ቪዮሶቹ ላይ የተጫነው ሶፍትዌር የቆየ መሆኑን አይተው እንድናድሰው መከሩን። ምክሩ ተገቢ ነበር። ረቡዕ ጥቅምት 15 ቀን ቪዮስ አንድን አደስንና አስነሣነው። በዚያ ጊዜ ዋናው ፓርቲሽን አንዳች ሳይሰማው በቪዮስ ሁለት በኩል ሥራውን ቀጠለ፤ ሁለት መንገድ መኖሩ በትክክል እንደሚሠራ በዓይናችን አየን ብለን ደስ አለን። ቪዮስ ሁለትን ደግሞ አንድ ሳምንት በሰላም ካለፈ በኋላ እናድሳለን ተባባልን።

ሳምንቱ አልሞላም። ቅዳሜ ጥቅምት 18 ሌሊት ዋናው ፓርቲሽን ዳግመኛ ወደቀ። ምልክቱ ያው ነው፤ ፒንግ ይመልሳል፣ መግባት አይቻልም። ተረኛው ባለፈው እንዳዘዝኩት አጥፍቶ አስነሣው። እኔም ያንኑ ባዶ መዝገብ፣ ያንኑ ጤነኛ የሚመስል የመንገድ ዝርዝር አገኘሁ። አሁን ደግሞ ጥርጣሬው ሁሉ ወደ አዲሱ ሶፍትዌር ዞረ። ወደ ቀድሞው እንመለስ ተባለ፤ ፈቃዱ እስኪገኝ ሁለት ሳምንት አለፈና ማክሰኞ ኅዳር 5 ቀን ቪዮስ አንድን ወደ ነበረበት መልሰን እንደገና አስነሣነው።

በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ያደረግኩት አንድ ነገር ግን ኋላ በጎ ውጤት አመጣ። በአንድ ወረቀት ላይ በትልቁ ጽፌ በተረኞቹ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። «ዋናው ከወደቀ ወዲያውኑ አታስነሡት። መጀመሪያ ደውሉልኝ።»

ቅዳሜ ኅዳር 9 ሌሊት ተደወለ።

«ጋሼ፣ እንደገና ወድቋል። አልነካሁትም።»

«አበጀህ። አሁን ኤችኤምሲው ላይ ፓርቲሽኑን እንደገና አስነሣ የሚለውን ስትጫን ምርጫዎች ይመጣሉ። «ወዲያውኑ» የሚለውን ተውና «ደምፕ» የሚለውን ምረጥ። ከዚያ በማጣቀሻ ኮዱ ቦታ ላይ የሚታየውን እያነበብክ ንገረኝ።»

ጥቂት ዝም አለ። «0ሲ2 ይላል።»

ይህ ሰው ያዘዘው ደምፕ ተጀምሯል ማለት ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅሁ። በሰላም ከተጠናቀቀ 0ሲ0 ይመጣል፤ የተመደበለት ቦታ ከጠበበው 0ሲ4 ይመጣል።

«ተቀየረ ጋሼ። 0ሲ1።»

ከአልጋዬ ተነሥቼ መብራቱን አበራሁ። 0ሲ1 ማለት ደምፑ ሲጻፍ ዲስኩ አልተቀበለም ማለት ነው። ደምፕ ስላልተገኘ የሚተነተን ነገር የለንም፤ ግን ያልተገኘበት ምክንያት ራሱ ትልቅ ማስረጃ ሆነ። ከርነሉ በሕይወት አለ፤ ትእዛዝ ተቀብሎ መጻፍ ጀምሯል፤ የሚጽፍበት ዲስክ ግን የለም። ፓርቲሽኑ ሩትቪጂውን፣ የቆመበትን ዲስክ ራሱን፣ አጥቷል።

ያን ጊዜ ያለፉት ምልክቶች ሁሉ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ለፒንግ መልስ የሚሰጠው ከርነሉ ነው፤ እሱ ደግሞ ማስታወሻ ላይ ስላለ ዲስክ ሳይነካ ይመልሳል። መግቢያው ግን ፕሮግራሙን ከዲስክ ማንበብ አለበትና ተሰቅሎ ይቀራል። የስህተት መዝገቡ ባዶ የሆነው ስህተት ስላልነበረ አይደለም፤ የመዝገቡ ፋይል ራሱ በጠፋው ዲስክ ላይ ስለነበረ ነው። በዲስክ ማጣት የሚሞት ሲስተም የሞቱን ታሪክ የሚጽፍበት ወረቀት የለውም።

እሑድ ጠዋት ቢሮ ገባሁ። ዋናውን ፓርቲሽን ጨርሶ አልከፈትኩትም። በቀጥታ የሄድኩት ወደ ሙከራው ፓርቲሽን መዝገብ ነው፤ እስከዚያ ቀን አንድም ሰው፣ እኔን ጨምሮ፣ ያንን መዝገብ ገልጦ አያውቅም። ያልወደቀን ማን ይመረምራል? እዚያ ግን ተጽፎ ነበር፤ «ወደ ዲስኩ የሚወስደው መንገድ ተቋርጧል»፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግሞ «መንገዱ ተመልሷል»። የመጀመሪያው መስመር የጊዜ ማኅተም 1119021417 ነበር። ኤርፒቲ ወርን፣ ቀንን፣ ሰዓትን፣ ደቂቃንና ዓመትን በዚህ ቅደም ተከተል ይደረድራል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 19፣ 02፡14፣ በእኛ አነጋገር ከሌሊቱ 8፡14 ማለት ነው። የሪፖርቱንም ፓርቲሽን ከፈትኩ፤ ያው መልእክት፣ ያችው ደቂቃ። የሁለቱም የተቋረጠው መንገድ በቪዮስ ሁለት በኩል የሚሄደው ነው።

ከዚያ ቪዮስ ሁለትን ከፈትኩ። የእሱ ማኅተም 1118201417 ይላል፤ ኖቬምበር 18፣ 20፡14። ሁለቱን ቁጥሮች ወረቀት ላይ አንዱን ከአንዱ በታች ጻፍኳቸው። ደቂቃው ገጥሟል፤ ሰዓቱ በትክክል በስድስት ይለያያል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የሰዓት ልዩነት በየትም አገር ችግር ነው፤ እኛ አገር ግን የራሱ መልክ አለው። በሦስት መስኮት ሦስቱን ሲስተሞች ከፍቼ ዴት የሚለውን ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ሰጠኋቸው። ቪዮስ ሁለት ከሌሎቹ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ነበር። የሰዓት ቀጠናውን ስመለከት «ኢኤቲ ሲደመር 3» ተብሎ ተሞልቷል። እኛ ከዓለም አቀፉ ሰዓት ሦስት ሰዓት ስለምንቀድም መደመሩ ትክክል ይመስላል። በዩኒክስ አጻጻፍ ግን ቁጥሩ የሚያመለክተው ከአካባቢው ሰዓት ተነሥቶ ወደ ዓለም አቀፉ ለመድረስ የሚጨመረውን ነው፤ ስለዚህ ለምሥራቅ አገሮች ምልክቱ መቀነስ ነው። ትክክለኛው «ኢኤቲ ሲቀነስ 3» ነው። ምልክቱ ሲገለበጥ ልዩነቱ ሦስት ሳይሆን ስድስት ይሆናል።

ስድስት ሰዓት ደግሞ በኢትዮጵያና በፈረንጅ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ያንን ማሽን ብታዩት 20 ይላል፤ በዐሥራ ሁለት ሰዓት አቆጣጠር 8 ማለት ነው። የግድግዳችንም ሰዓት 8 ይላል። ስንት ጊዜ ስንት ሰው አይቶት ትክክል ነው ብሎ አልፏል! እኔ ደግሞ መዝገቡን ሳነብ ኮምፒውተሩ በፈረንጅ አቆጣጠር ይጽፋል ብዬ 20ን ወደ ምሽት 2 መለስኩት፤ እውነተኛውን ምስክር ከስድስት ሰዓት በፊት የነበረ ነገር አድርጌ ጣልኩት። የተረኞቹ መዝገብ ደግሞ ሌላ ነው። በእኛ ልማድ ሌሊቱ ካለፈው ቀን ጋር ይቆጠራልና ተረኛው የጻፈው «ቅዳሜ ኅዳር 9፣ ሌሊት 8፡20» ነው። ዋናው ፓርቲሽን ግን እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ቀኑን ቀይሮ እሑድ ኖቬምበር 19 ብሏል። በዕለቱ ቀን የሚፈልግ ሰው የተሳሳተ ገጽ ላይ ይፈልጋል። በአንድ ብረት ላይ ያሉ ፓርቲሽኖችን መዝገብ ከማነጻጸራችሁ በፊት የሁሉንም ሰዓት ጎን ለጎን አድርጋችሁ አስተያዩ፤ ኤችኤምሲውን፣ ስዊቹንና ስቶሬጁንም ሳትረሱ። ሁሉንም ሰዓት ከሚያስተካክል ከአንድ የኤንቲፒ ምንጭ ጋር ማገናኘት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እኛ ያንን ግማሽ ቀን አስቀድመን ሠርተንበት ቢሆን መስከረም ላይ ነገሩን እንደርስበት ነበር።

አሁን ቪዮስ ሁለት በኩል ያለው መስመር በሦስቱም ሌሊቶች መሰናከሉ ታወቀ። ግን አንድ መስመር ቢጠፋ ሁለተኛው አለ። ሙከራውና ሪፖርቱ ወደ ቪዮስ አንድ ተሻግረው ተርፈዋል። ዋናው ለምን አልተሻገረም?

እዚህ ላይ ነው ቀኖቹን መደርደር የጠቀመኝ። መስከረም ላይ ከመጀመሪያው ውድቀት በፊት ቪዮስ አንድ ማስታወሻ ተጨምሮለት ተነሥቶ ነበር። ጥቅምት ላይ ሲታደስ ተነሣ፤ በዚያው ሳምንት ወደቅን። ኅዳር ላይ ወደ ቀድሞው ሲመለስ ተነሣ፤ በዚያው ሳምንት ወደቅን። ሦስቱም ጊዜ ከውድቀቱ በፊት ቪዮስ አንድ ጠፍቶ ተነሥቷል።

ይህን ለማረጋገጥ ፈቃድ ጠይቀን በአንድ ምሽት፣ ዳታቤዙ በወጉ ተዘግቶ፣ ቪዮስ አንድን ሆን ብለን አስነሣነው። ሲጠፋ በሦስቱም ፓርቲሽኖች ላይ በእሱ በኩል ያለው መንገድ «ፌይልድ» ሆነ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ተነሥቶ ሥራ ሲጀምር ሙከራውና ሪፖርቱ ላይ መንገዱ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ወደ «ኢኔብልድ» ተመለሰ። ዋናው ላይ ግን «ፌይልድ» እንዳለ ቀረ። ዐሥር ደቂቃ ጠበቅን። ግማሽ ሰዓት። ቡና አስመጥተን ጠጣን፤ ሰዓት ሞላ። አልተመለሰም።

ኤልኤስአትር ብዬ የዲስኩን ጠባዮች አወጣሁ። ኤችቼክ ኢንተርቫል የሚለው ሙከራው ላይ 60፣ ሪፖርቱ ላይ 60፣ ዋናው ላይ 0 ነው። ይህ ቁጥር ኤአይኤክስ የወደቁና ሥራ ፈት የሆኑ መንገዶችን በየስንት ሴኮንዱ እየፈተነ ጤንነታቸውን እንዲያረጋግጥ የሚነግረው ነው። ዜሮ ማለት በጭራሽ አትፈትን ማለት ነው። አንድ ጊዜ የወደቀ መንገድ፣ ወዲያው ቢድን እንኳን፣ ሰው በእጁ ካላነሣው ወይም ፓርቲሽኑ ራሱ ጠፍቶ ካልተነሣ በስተቀር እንደወደቀ ይኖራል። ሁለቱ ታናናሾች ኋላ ላይ ሲሠሩ የሠራቸው ባልደረባችን 60 ብሎ ሞልቷል። ዋናው ቀድሞ የተሠራ ስለሆነ በነበረበት ቀርቷል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ይህ ነው። ፓርቲሽኑ ሲወድቅ እናስነሣዋለን፤ ሲነሣ ሁለቱንም መንገዶች እንደ አዲስ ፈትሾ ሁለቱንም «ኢኔብልድ» ያደርጋል። እኔ ሰኞ ጠዋት ኤልኤስፓዝ ስል የማየው ይህንን የዳነውን ነው። መድኃኒቱ ማስረጃውን ያጠፋል። ከወደቀ ሲስተም ላይ ከተነሣ በኋላ የሚገኝ ጤንነት ከመውደቁ በፊት ስለነበረው ሁኔታ ምንም አይናገርም። ስለዚህ ዛሬ በሁሉም ፓርቲሽኖች ላይ በየሩብ ሰዓቱ የኤልኤስፓዝን ውጤት ወደ ሌላ ማሽን የሚልክ አጭር ስክሪፕት አለን፤ የስህተት መዝገቡም እያንዳንዱን አዲስ መስመር በኔትወርክ ወደዚያው እንዲያስተላልፍ ተደርጓል። እንዲህ ዓይነቱ ነገር አስቀድሞ ቢኖረን ኖሮ የመጀመሪያው ሌሊት ብቻውን በበቃን ነበር።

እንግዲህ ሙሉው ታሪክ እንዲህ ነው። በዚህ ዓይነት ዲስክ ላይ ኤአይኤክስ ሁለቱን መንገዶች በአንድ ጊዜ አይጠቀምም፤ አንዱን ይዞ ይሄዳል፣ ሌላው ተጠባባቂ ነው። ዋናው ፓርቲሽን በወትሮው በቪዮስ አንድ ይሄዳል። ቪዮስ አንድ ሲነሣ ወደ ቪዮስ ሁለት ይሻገራል፤ የቀድሞው መንገድ «ፌይልድ» ሆኖ ስለሚቀር አይመለስም። ከዚያ ቅዳሜ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሳምንታዊው ሙሉ ባክአፕ ይጀምራል፤ ያ ሁሉ ንባብ ቀላል ሸክም ብቻ በለመደው በቪዮስ ሁለት ኬብል ላይ ይወርዳል። ኬብሉ አልቻለም። ቪዮሱ ላይ የፋይበር ካርዱ ስህተት ሲያይ ቶሎ እንዲተው፣ ፋስት ፌይል በሚባለው አሠራር ተስተካክሏል። ሁለት ሕያው መንገድ ሲኖር ይህ ትክክለኛው ምርጫ ነው። አንድ ብቻ ሲቀር ግን የመጨረሻው ገመድ በፍጥነት ተቆረጠ ማለት ይሆናል።

ኬብሉን ያገኘነው ማሽኖቹ የተደረደሩበትን ቁም ሳጥን፣ ራኩን፣ ከኋላ ከፍተን በባትሪ ብርሃን ነው። ከቪዮስ ሁለት ካርድ የወጣው ብርቱካናማ ገመድ ወደ ጎን ታጥፎ በበሩ ማጠፊያ በኩል አልፏል፤ በሩ በተዘጋ ቁጥር ይጨፈልቀው ነበር። በማጠፊያው ቦታ ላይ ልባሱ ነጣ ብሎ በጣት ሲዳሰስ ጠፍጣፋ ሆኗል። ለፋይበር ገመድ በተለምዶ የሚሠራበት ደንብ የመታጠፊያው ሬዲየስ ከገመዱ ውፍረት ዐሥር እጥፍ እንዳያንስ ነው። ገመዱ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ 3 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው፤ የእኛው በደረቅ ማዕዘን ታጥፎ ነበር። በስዊቹ ላይ የዚያን ሶኬት የስህተት ቆጣሪ ዜሮ አድርገን ትልቅ ፋይል ስናስነብብ ቁጥሩ ዓይናችን እያየ ወጣ። ሸክም ሲቀል የሚበላሸው ጥቂት ስለሆነ እንደገና ተልኮ ይስተካከላል፤ ማንም አያውቀውም። አዲስ ኬብል ሳብን፣ በሰፊው አዙረን አሰርነው፤ ቆጣሪው ዜሮ ላይ ቆመ።

ዋናው ላይ ኤችቼክ ኢንተርቫልን በእያንዳንዱ ዲስክ 60 አደረግን። ዲስኩ ሥራ ላይ ስላለ ወዲያው አይቀበልም፤ በሲኤችዴቭ ትእዛዝ ለሚቀጥለው መነሣት እንዲያዝ አድርጎ ፓርቲሽኑን አንድ ጊዜ ማስነሣት ያስፈልጋል። ፓርቲሽኑን ከቪዮሶቹ ጋር በሚያገናኙት የቪስካዚ አስማሚዎች ላይ ደግሞ ቪዮሱ ሲሰቀል ለዘላለም እንዳይጠብቅ የመንገድ ማብቂያ ጊዜውን 30 ሴኮንድ አደረግን። እንደኛ ፓርቲሽኑን ለማስነሣት ፈቃድ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው ካለ በሲኤችፓዝ የወደቀውን መንገድ በእጁ ማንሣት ይችላል። ከዚያ ወዲህ ቪዮስ ከመንካታችን በፊት በሁሉም ፓርቲሽን ላይ ኤልኤስፓዝ እንላለን፤ ከነካን በኋላም ሁሉም መንገድ እስኪመለስ ከወንበራችን አንነሣም። አንዱ ተመልሶ ሳይረጋገጥ ሁለተኛው ቪዮስ አይነካም።

የመጨረሻውን ፈተና ያደረግነው በቀጣዩ ቅዳሜ ሌሊት ነው፤ ባክአፑ በሙሉ ኃይሉ እየሄደ። አለቆቼ ፈቀዱ፤ እኔም እዚያው አደርኩ። ዋናውን ፓርቲሽን ሆን ብለን ወደ ቪዮስ ሁለት አሻገርነው፤ ከዚያ ተረኛው ወጣት ራሱ ራኩን ከኋላ ከፍቶ አዲሱን ኬብል ነቀለው። ስክሪኑ ላይ ያለው ባክአፕ ጥቂት ሴኮንዶች ቆመ፤ ሁለታችንም አልተነፈስንም። ከዚያ በቪዮስ አንድ በኩል ቀጠለ። ኬብሉን መለሰው፤ መንገዱ ከአንድ ደቂቃ በታች ውስጥ «ኢኔብልድ» ሆነ።

ወጣቱ ወደ ጠረጴዛው ሄዶ የፈረቃውን መዝገብ ከፈተ። በዚያ ሳምንት ገጹን በማስመሪያ ለሁለት ዓምድ ከፍለነው ነበር፤ አንዱ ለእኛ ቀንና ሰዓት፣ ሌላው ማሽኑ ለሚያሳየው። ሁለቱንም ሞላ፤ «ቅዳሜ ኅዳር 16፣ ሌሊት 8፡31» ከሚለው ጎን «ኖቬምበር 26፣ 02፡31» ብሎ ጻፈና ከሥራቸው «ኬብል ተነቅሎ ተመልሷል፤ ዋናው አልወደቀም» አለበት።